ባዶው አልጋ የሣለው መስመር

ኑ ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ። ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አይጠፋም።

ዛሬ የማጫውታችሁ ተረት አይደለም። ከመንገድ ለቃቅሜ፣ ቀባብቼ ያመጣሁትም አይደለም። የእህቴ ልጅ ላይ የደረሰ ነው። እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ የነገረችኝ ነው። መጨረሻውን ደግሞ እኔው በዓይኔ አይቼዋለሁ።

የሆነው በጨለማ አይደለም።

በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ... ሰው ምሳውን በልቶ ዓይኑ ክድን ክድን በሚልበት ሰዓት። በረጅም ኮሪደር ጫፍ፣ ሦስት አልጋ በያዘች ነጭ ክፍል ውስጥ።

ጨለማ የምትፈሩ ካላችሁ አይዟችሁ። ጨለማ የለበትም።

እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

የእህቴን ልጅ ቤት ውስጥ «ቁጥሬ» ነው የምንላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያገኘችውን ሁሉ ትቆጥር ነበር። የደረጃውን እርከን፣ የእንግዳውን የሸሚዝ ቁልፍ፣ የጎረቤት ድመት ስንቴ እንዳዛጋች። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ይቺ ልጅ እኔ ስሞት ለቀስተኛውን ነው የምትቆጥረው» ይል ነበር።

ቆጠረችም።

አድጋ የቁጥር ሥራ ያዘች። አንድ የሕሙማን ማገገሚያ ውስጥ የዳታ ባለሙያ ሆነች። እኔ ብዙ አልተማርኩም። ግን ደጋግማ ስላስረዳችኝ፣ እንደገባኝ አድርጌ ልንገራችሁ።

እዚያ ቤት እያንዳንዱ ፍራሽ ሥር ስስ ምንጣፍ የመሰለ መለኪያ አለ። ሰው ሲተነፍስ ፍራሹ በትንሹ ከፍ ዝቅ ይል የለ? መለኪያው ያን ይዞ በሽቦ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ደግሞ ትንፋሹን መስመር አድርጎ ይሥለዋል። አየር ሲስብ መስመሩ ይወጣል። ሲያስወጣ ይወርዳል።

ኮረብታ... ሸለቆ። ኮረብታ... ሸለቆ።

የቁጥሬ ሥራ የሁሉንም መስመር አንድ ግራፍ ላይ፣ በየቀለሙ አድርጎ ማስተያየት ነው። «አክስቴ፣ ብቻውን ያዩት መስመር ምንም አይናገርም» ትለኛለች። «እንደ ሰው ነው። ከጎኑ ሌላ ሲቆም ነው ጠባዩ የሚወጣው።»

ታዲያ እህቴ፣ የቁጥሬ እናት፣ ሳንባዋን ታመመች። ደረጃ ወጥታ እንኳ «ደረስኩ» ማለት አቃታት። ሐኪሙ «ክፉውን አልፈውታል፤ አሁን የሚያስፈልጋቸው እረፍትና ክትትል ነው» ብሎ ልጇ ወደምትሠራበት ማገገሚያ አዛወራት።

ደስ አለን። ልጅሽ አጠገብሽ እያለች፣ ትንፋሽሽን ከቢሮዋ ሆና እያየች... ከዚህ በላይ ምን ይገኛል?

ቁጥሬ ደግሞ ከእናቷና ከእኔ ሌላ ማንም የላትም። ወንድም የለ፣ እህት የለ፣ ትዳሩም አልሆነላትም። ዓለሟ ያቺ ሴት ናት።

ክፍሏ ሦስት አልጋ ነበራት ብያችኋለሁ። በመስኮቱ በኩል አንዲት ልብስ ሰፊ ተኝታለች፤ አፏ እንደ ስፌት መኪናዋ የማያርፍ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት። በበሩ በኩል እህቴ።

መሃል ያለው አልጋ ባዶ ነው።

ባዶ ያደረገችው ራሷ ቁጥሬ ናት። በሥራቸው እንደዚያ ይደረጋል። ጋሪ ሲያልፍ፣ በር ሲዘጋ ወለሉ ይነቃነቃል። ሰው የሌለበት አልጋ የሚይዘው ያን ብቻ ነው። እሱን ከሌሎቹ ላይ ሲቀንሱት ንጹሕ ትንፋሽ ይቀራል። ማነጻጸሪያ ይሉታል።

ነርሷን ጠርታ አደራ አለቻት።

«ሲስተር፣ መሃሉ ላይ ሰው እንዳታስተኚ። ዕቃም እንዳይቀመጥ። ጠያቂም ዝር እንዳይልበት።»

«ባዶ አልጋ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?»

«ምንም እንዳያደርግልኝ ነው የምፈልገው።»

ሁለቱም ሳቁ።

መጀመሪያ ሦስቱን መስመሮች አንድ ላይ የሣለች ቀን እንዲህ ሆነ።

ልብስ ሰፊዋን ቀይ አደረገቻት። እናቷን ሰማያዊ። ባዶውን አልጋ ግራጫ።

ቀዩ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰማያዊው ይወጣል፣ ይወርዳል።

ግራጫውም... ይወጣል። ይወርዳል።

ቁጥሬ አንገቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ግራጫው ቀጥ ብሎ መተኛት ነበረበት። እንደተወጠረ ክር።

ቢሮ የሚጋራት አንድ ባልደረባ አላት። ወሬው ስለማያልቅ «ዝምተኛው» ብለው ስም አውጥተውለታል።

«ዝምተኛው፣ እስቲ ና።»

«ምነው፣ ኮምፒውተሩ ነከሰሽ?»

«ባዶው አልጋ እየተነፈሰ ነው።»

ወንበሩን እየገፋ መጣ። አየ። ከዚያ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ።

«አንቺ ሴትዮ! እያንዳንዱን በየራሱ መስፈሪያ ነው እኮ የሣልሽው። ሶፍትዌሩ ትንሹንም ጎትቶ ከትልቁ እኩል ያደርግልሻል። የትንኝን ማዛጋት የአንበሳ ግሳት አደረግሽው!»

እውነቱን ነው። ስህተቷ ነበር። ሦስቱን በአንድ መስፈሪያ አድርጋ ደግማ ሣለቻቸው። ግራጫው ወለሉ ላይ ለሽ ብሎ ተኛ። ክር!

«አየሽ? አልጋሽ ሞቷል» አላት።

ሳቀች። የፊተኛውን ሥዕል ገና አልዘጋችውም ነበርና ዓይኗ ተመልሶ እዚያ ሄደ። እናቷን ሁለት ጊዜ ሳል የያዛት ቦታ ላይ፣ ሰማያዊው ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ግራጫውም ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ትንሽ ዘግይቶ።

«ይሄስ?» አለችው።

«ንቅናቄው በወለሉ ይደርሰዋላ! የገደል ማሚቶ በይው። አንቺ ትጮሂያለሽ፣ ገደሉ ይመልሳል።»

«ልብስ ሰፊዋም እኮ ከዚያ አልጋ እኩል ነው ርቀቷ። እሷ እንደውም ስታንኮራፋ መስኮቱ ይርገበገባል። የእሷ ለምን አልደረሰውም?»

ዝምተኛው ወንበሩን እየገፋ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

«ወለሉ ያዳላ ይሆናል» አለ በመጨረሻ።

ቁጥሬ በየቀኑ ማየት ጀመረች። ከሰዓት በኋላ እናቷ ስታንቀላፋ፣ በሯን ዘግታ ሁለቱን መስመሮች ብቻ ታወጣለች። ሰማያዊና ግራጫ።

ግራጫው ይከተላል። ግን መዘግየቱ እያጠረ ነው።

መጀመሪያ ሰማያዊው ወርዶ ሲያበቃ ነበር ግራጫው መውረድ የሚጀምረው። ቆይቶ አጋማሹ ላይ ደረሰበት። ከዚያ እግር በእግር ሆነ... እንደ ጥላ።

ሌላም ነገር አየች። በአንድ መስፈሪያ ስትሥላቸው እንኳ ግራጫው ወለሉ ላይ አልተኛም። ትንሽ ቀና ብሏል።

የእናቷ ኮረብታ ደግሞ... ትንሽ አጥሯል።

ከመቀመጫዋ ተነስታ ወደ ክፍሉ ሄደች። እህቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ረጋ ብሏል።

«እማ፣ እንዴት ነሽ ዛሬ?»

«ደህና ነኝ እናቴ። እንደውም ቅልል ብሎኛል።» ፈገግ አለች። «ትንፋሼን ሌላ ሰው የሚሸከምልኝ ይመስለኛል።»

ቁጥሬ መሃል ያለውን አልጋ አየች። አንሶላው እንደተወጠረ ነው። አንዲት ጭምድድ የለችበትም።

ልብስ ሰፊዋ ከወዲያ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«እናትሽ ጎረቤትነቷ ማር ነው ልጄ። ግን እንቅልፍ ላይ ከማን ጋር ነው የምትስማማው?»

«እንዴት?»

«ተኝታ 'እሺ' ትላለች። ደሞ ዝም ትላለች፣ የሚያናግራት እንዳለ። ደሞ 'እሺ'። ባሌ በሕይወት ዘመኑ አንዴም እሺ ሳይለኝ ነው የሞተው፤ እሷ በተኛችበት ትለዋለች።»

እህቴ ሳቀች። ቁጥሬም ሳቀች፤ ለወጉ።

ኮሪደሩ ላይ ነርሷን ጎተት አደረገቻት። በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«ሲስተር... መሃል ያለው አልጋ ላይ ማን ነው የሞተው?»

«ኧረ ምን ነካሽ! ማንም። አልጋው አዲስ ነው። የፍራሹ ላስቲክ እንኳ አንቺው ፊት ነው የተቀደደው። ረሳሽው?»

አልረሳችውም።

በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «አክስቴ፣ ሰው ሞቶበት ቢሆን ደግ ነበር። እገሊት ናት ብዬ በስሟ እለምናት ነበር። ስም የሌለውን ነገር ምን ብለው ይለምኑታል?»

ከዚያ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ግራፉን ከፈተች...

ግራጫው የለም።

ቀይ አለ። ሰማያዊ አለ። ግራጫ የለም። ወለሉ ላይም የለም፤ የትም የለም።

ልጆቼ፣ ደስታዋን ብታዩ! ሰው የከበደውን ድንጋይ ሲያወርድ እንዴት ነው የሚሆነው? እንደዚያ። ዝምተኛውን ምሳ ጋበዘችው። ለእናቷ ብርቱካን ገዛች። እኔ ጋ ደውላ «እማ እየዳነች ነው» አለችኝ። እኔም እልልታዬን በስልክ ለቀቅኩት።

ከምሳ ሲመለሱ ዝምተኛው ጥርሱን እየጎረጎረ ስክሪኗ ላይ አጎነበሰ።

«ባዶውን አጥፍተሽዋል እንዴ?»

«አላጠፋሁትም። ራሱ ጠፋ።»

«መስመር እንዴት ራሱ ይጠፋል? ስሙ እኮ እዚህ ዳር ላይ አለ። መረጃውም እየመጣ ነው።» ማውሱን ያዘ። «እስቲ የእናትሽን ለአፍታ ላንሳው...»

ሰማያዊውን አነሳው።

ከሥሩ... ግራጫው ነበር።

ኮረብታ። ሸለቆ። ኮረብታ። ሸለቆ። ልክ በእናቷ ቁመት። ልክ በእናቷ ሰዓት። ሰማያዊው ላዩ ላይ ተኝቶ ነው የሸፈነው።

አልጠፋም ነበር። ደርሶባት ነበር።

ቁጥሬ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች።

«አንድ ላይ የተደራረበ መስመር...» ብሎ ጀመረ ዝምተኛው። አልጨረሰውም። ይህን ስህተት ለአዲስ ተማሪ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው። ተደራርበው ሲሄዱ የላዩ የታቹን ይሸፍናል፣ ሳታነሱ አትመኑ ይላሉ። አስተማሪዋ ራሷ ምሳ ጋበዘችበት።

ሰማያዊውን መለሰው። እያዩት፣ ከሰማያዊው ጠርዝ አንዲት ቀጭን ግራጫ ብቅ አለች።

በፊት በኩል።

«ቀደመው» አለች ቁጥሬ።

«አይቀድምም።»

«ቀድሞታል። እያየኸው!»

«ቁጥሬ... የገደል ማሚቶ ከጠሪው አይቀድምም።»

«እኔስ ምን እያልኩህ ነው?»

ሰዓቱ ዘጠኝ ነበር።

ግራጫው ወረደ። ሰማያዊው ተከትሎ ወረደ።

ግራጫው ወጣ። ሰማያዊው ተከትሎ ወጣ።

ግራጫው ወረደና... ታች ላይ ትንሽ ቆየ።

ሰማያዊውም ወረደና... ታች ላይ ትንሽ ቆየ።

ግራጫው ወጣ። ሰማያዊው ወጣ።

ግራጫው ወረደ... ከበፊቱ ረዘም አድርጎ ቆየ።

ቁጥሬ ገባት። ያ ነገር ከእንግዲህ እናቷን አይከተልም። እየመራት ነው። በእያንዳንዱ ሸለቆ ትንሽ ትንሽ እያስረዘመ... እያለማመዳት ነው። ሕፃን እሹሩሩ ብለው እንደሚያስተኙት።

ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ። ሮጠች።

«ስልክሽን ክፈቺ!» ብሎ ጮኸ ዝምተኛው። «እኔ ከዚህ እነግርሻለሁ!»

ኮሪደሩ ፀሐይ በፀሐይ ነው። ወለሉ ያብረቀርቃል። ነርሷ መድኃኒት በጋሪ እየገፋች ነበር።

«ሲስተር! እናቴ!»

«ምን ሆንሽ? አሁን እኮ አየኋቸው። ተኝተዋል፣ ሰላም ናቸው።»

«ሐኪሙን ጥሪልኝ! አሁን!»

ክፍሉ ገባች። ልብስ ሰፊዋ ፀሐይ ልትሞቅ ግቢ ወጥታለች። እህቴ ብቻዋን ተኝታለች። ፊቷ ላይ ያ ረጋ ያለ ነገር አለ።

«እማ! እማዬ! ተነሺ!»

ትከሻዋን ነቀነቀቻት። ጉንጯን መታ መታ አደረገቻት። እህቴ እንቅልፏ እንደ ወፍ ነው፤ ቅጠል ሲወድቅ የምትነቃ ሴት ናት። አልነቃችም። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«እሺ...»

ቁጥሬ ተንበርክካ ከመሃሉ አልጋ ሥር ሽቦውን ነቀለችው።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ድምጿ ሹክሹክታ ሆኗል።

«ነቅዬዋለሁ።»

«አዎ። ግራጫው ጠፍቷል።»

«እማስ?»

«እያየሁ ነው።»

«እማስ አልኩህ!»

«ያው ነው። እየቆመ ነው። እንደውም... ቁጥሬ፣ መልሺው። ሳናየው ይብሳል። መቼ እንደሚያቆማት እንኳ አናውቅም።»

መለሰችው። ቀዳዳው እምቢ አላት። ሦስቴ ሞክራ ገባ።

«መጣ» አለ ዝምተኛው። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ወረደ።»

ጠበቀች።

«ወጣ?»

«ገና።»

«አሁንስ?»

«ገና ነው... ቁጥሬ... ቀጥ ብሏል። ክር ሆኗል።»

«እማስ?»

«እየወረደች ነው።»

እናቷን አየቻት። ደረቷ ዝቅ... ዝቅ አለ። እንደ ጨረሰ ሰው። እንደ ደረሰ ሰው።

ኮሪደሩ ላይ እርምጃ ይሰማል፣ ግን ሩቅ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እኔ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። እጮህ ይሆናል። ቁጥሬ ግን የመስመር ሰው ናት። አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰበችው። እናቴ የምትከተለው ያን አልጋ ነው። አልጋው ላይ ማንም የለም። ባዶ ይሁን ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ ብተኛበት እኔን ትከተላለች።

ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ዘላ ተኛችበት።

አንሶላው ሞቆ ነበር።

ሰው ገና እንደተነሳበት።

ዓይኗን ጨፈነች። ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ አየር ሳበች። በሙሉ ደረቷ።

«ምን ይታይሃል?» አለች ስታስወጣ።

«ትንፋሽ። ያንቺ ነው... ያንቺ መሆን አለበት።»

«እማስ?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጫነችው።

«እማስ?!»

«ቆይ...»

እንደገና ሳበች። ቀስ ብላ። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወደ ትራሱ ይወርዳል። ልጅ ሆና ትኩሳት ሲይዛት እናቷ ታደርግላት እንደነበረው፣ ረዘም፣ ረጋ አድርጋ። ነይ እማ። ነይ። በዚህ በኩል።

«ተከተለችሽ» አለ ዝምተኛው። ያ ወሬኛ ሰውዬ እያለቀሰ ነበር። «ተከተለችሽ ቁጥሬ። አታቁሚ። እባክሽ አታቁሚ።»

አላቆመችም። ሐኪሙ መጣ፣ ነርሷ መጣች፣ ኦክስጅን ተደረገ፣ ጮኹ፣ ተራወጡ። «አንቺ ምን ሆነሽ ነው የተኛሽው?» አሏት። ትስባለች፣ ታስወጣለች። ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትወርድ ድረስ።

ከዚያ እህቴ ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች። ዘወር ብላ ልጇን መሃል አልጋ ላይ አየቻት። ቅር አላት።

«ሴትዮዋን ለምን አስነሳሻት?»

ቁጥሬ ትንፋሿ ተቆረጠ። የእናቷም እኩል ተቆረጠ። ቶሎ ብላ ሳበች።

«የትኛዋን ሴትዮ፣ እማ?»

«ጥሩ ሴት ነበረች። 'በጣም ደክሞሻል፣ አሁንስ አብረን እንረፍ' እያለችኝ ነበር።» እህቴ ተነፈሰች። «እሺ ብያት ነበር እኮ።»

ያኔውኑ ክፍል ቀየሩላት። መሃል ያለው አልጋ ላይ ሰው ይተኛበት ብላ ቁጥሬ አለቆቿን ለመነች፤ ተኛበት፤ ማንም ምንም አልሆነም። ዝምተኛው ዛሬም እዚያው ይሠራል። በባዶ አልጋ ማነጻጸር ግን ትቷል። ወሬውም ቀንሷል፤ አሁን ስሙ እውነት ሆኖበታል።

እህቴ ተመስገን ዳነች። ቤቷ ገባች። ደረጃውን ወጥታ «ደረስኩ!» ትላለች፤ ጉልበቷ ከኔ ይሻላል። ቁጥሬ ከእናቷ ጋር ለመኖር ጠቅልላ ገባች።

ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር።

ምሳ በላን፣ ተጫወትን፣ ሳቅን። ከዚያ እህቴ ሳሎን ሶፋው ላይ ሸለብ አደረጋት። ቁጥሬም ሥራ ደክሟት ነበርና መኝታ ቤቷ ገብታ ጋደም አለች። በሩ ክፍት ነው። እኔ ከተቀመጥኩበት ሁለቱም ይታዩኛል።

ቤቱ ጭጭ አለ።

እንደዋዛ አየኋቸው። የልጅየዋ ደረት ከፍ አለ... የእናትየዋ ተከትሎ ከፍ አለ። የልጅየዋ ዝቅ... የእናትየዋ ዝቅ። እናትና ልጅ ናቸው፣ ይሁን አልኩ። እንደውም አንጀቴን በላኝ።

ከዚያ ዓይኔ ከቁጥሬ ራስጌ ያለው መጋረጃ ላይ አረፈ።

መስኮቱ ዝግ ነው። ነፋስ የለም።

መጋረጃው በቀስታ ወደ ውስጥ ነፋ አለ... ከዚያ የቁጥሬ ደረት ከፍ አለ... ከዚያ የእህቴ።

መጋረጃው ወደ መስተዋቱ ተመለሰ... ከዚያ ቁጥሬ ዝቅ... ከዚያ እህቴ።

ተነስቼ ላነቃቸው አሰብኩ። እግሬ ግን እሺ አላለኝም። እንዲያው ደስ የሚል ድካም ተጫጫነኝ። ቅልል የሚያደርግ ነገር።

መጋረጃው እንደገና ነፋ ሲል፣ ያለ ፈቃዴ... እኔም አየር ሳብኩ።

የመንገድ መኪና ጥሩምባ ነው ያባነነኝ።

አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ?

እናንተን ግን አደራ እላችኋለሁ፣ ልጆቼ። የታመመ ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ ከጎኑ ባዶ አልጋ ወይ ባዶ ወንበር ካያችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትቁሙ። ተቀመጡበት። ትንሽም ቢሆን ተቀመጡበት።

ይቺን ብቻ አስታውሱልኝ።